ኮምፒዩተርም ማገገሚያ ይሻል

«አዲስ» እንደሚለው ቃል ሰውን የሚያባብል ያለ አይመስለኝም። የሆነ ሆኖ አዲስ ጫማ እግር ይልጣል፤ አዲስ ሹም ሥራውን እስኪለምድ ድረስ ባለጉዳይ ያመላልሳል፤ አዲስ ሙሽራም የገባችበትን ቤት ጠባይ እስክታውቅ ጥቂት ወራት ያስፈልጓታል። ይህን ሁላችንም ስለምናውቅ እንታገሣለን። ኮምፒዩተራችን አዲስ ሥርዓት በተጫነበት ማግሥት ግን ይህ ሁሉ ትዕግሥታችን ወዴት እንደሚሸሽ አይታወቅም። አንድ ሰነድ ለመክፈት ሁለት ደቂቃ የፈጀብን እንደ ሆነ «በቃ፣ ሞተ!» ብለን እናዝናለን፤ ሐዘናችንንም ሳንጨርስ ወደ ጠጋኝ ቤት እንሮጣለን።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ጀምሮ በየቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ሲያገለግል የኖረው ዊንዶውስ 10 የተባለው የኮምፒዩተር አስተዳዳሪ፣ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በኋላ የተለመደው የደኅንነት እድሳት ተቋረጠበት። ሠሪው ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚደርስ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ቢያዘጋጅም፣ ዋናው ሐሳቡ ሰው ሁሉ ወደ ዊንዶውስ 11 እንዲሻገር ነው። ይህ ዊንዶውስ 11 መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ ለመጫን ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራምና 64 ጊጋ ባይት ማከማቻ ይጠይቃል። ከዚህም በቀር ቲፒኤም 2.0 የሚባል የምሥጢር መጠበቂያ ይሻል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ከጥቂቶቹ በቀር ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን አይቀበልም።

እድሳቱ ተቋረጠ ማለት ማሽኑ በማግሥቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል ማለት አይደለም። ቤቱ ቆሞ ሳለ ዘበኛው ደመወዙን ተቀብሎ ተሰናበተ እንደ ማለት ነው። ሌባው የመጣ ዕለት ግን ጩኸቱን የሚሰማ አይገኝም። ስለዚህ ማሽኑ የሚችል የሆነ ሰው ቢሻገር ይሻለዋል።

«አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት ነዋ!» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን የሚል ሰው ገበያ ያልወጣ መሆን አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ 100 ብር አልፏል። ኮምፒዩተር ደግሞ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ ነው። ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ወይም ለአንድ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ አዲስ ላፕቶፕ ማለት የብዙ ወራት ደመወዝ ሳይበላና ሳይለበስ ማስቀመጥ ማለት ነው። እንግዲህ ያለውን ጠብቆ ማኖር የድህነት ምልክት ሳይሆን የማስተዋል ምልክት ነው።

እኔ የምኖረው በሐዋሳ ከተማ በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ነው። ላፕቶፔ ሁለተኛ እጅ የተገዛ፣ የስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰርና 8 ጊጋ ባይት ራም ያለው፣ ማከማቻው ግን ያ የጥንቱ ተሽከርካሪ ሀርድ ዲስክ የሆነ ማሽን ነው። በውስጡ የአራት ክፍል ተማሪዎቼ የዓመቱ ውጤት ሁሉ ይገኛል። ከዚህም የሚበልጠው ነገር፣ ታናሽ እህቴ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በመሆኗ የምትለማመድበት መሣሪያ ይኸው ብቻ መሆኑ ነው። የብሔራዊ ፈተናው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፣ ማውሱን ይዞ መልስ መምረጥን ያልለመደ ልጅ ትምህርቱን እያወቀ እጁ ሊያሰናክለው ይችላል። በቤታችን የዚህ ማሽን መታመም የአንድ ዕቃ መታመም ብቻ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አዲሱ ሥርዓት በተጫነ ማግሥት እህቴ ከማሽኑ ፊት ተቀምጣ ብዙ ከጠበቀች በኋላ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ይኼ ነገር እኔ ሳልፈተን ሊወድቅ ነው እንዴ?» አለችኝ። ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጠጋኝ ወሰድሁት። ልጁ ክዳኑን ከፈት አድርጎ አየና፣ «ቲቸር፣ ፎርማት እናድርገዋ! በአንድ ሰዓት ውስጥ አዲስ ይሆናል» አለኝ።

በዚህ ላይ ጥቂት መናገር እወዳለሁ። ጥንት አባቶቻችን ሆድ በቆረጣቸው ቁጥር ኮሶ ይጠጡ እንደ ነበረ፣ ዛሬም በየጠጋኙ ቤት ለኮምፒዩተር ሕመም ሁሉ አንድ መድኃኒት አለ፤ እርሱም ፎርማት ነው። ኮሶ ትሉን ከነጣጣው ያወጣል፤ ፎርማት ግን ትሉን ብቻ ሳይሆን በሆድ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ያወጣል። የተማሪው ውጤት፣ የቤተ ሰቡ ፎቶግራፍ፣ የመመረቂያው ጽሑፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሄዳል። በዚህ ላይ ደግሞ ምንጩ የማይታወቅ፣ «ክራክ» የሚሉት ፕሮግራም በነፃ ይመረቅበታል፤ ከእርሱም ጋር ቫይረስ ሊገባ ይችላል። ጠጋኞቹን መውቀሴ አይደለም። ሰው «ቶሎ በል» እያለ ስለሚያስቸኩላቸው ፈጣኑን መንገድ ይመርጣሉ። ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። አመስግኜው ማሽኔን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስሁ፤ ከዚያም ነገሩን በዝግታ መመርመር ጀመርሁ።

አዲስ ሥርዓት የተጫነበት ኮምፒዩተር የበዓል ዋዜማ ዕለት የሰፈራችንን መናኸሪያ ይመስላል። መንገደኛው ሻንጣውን ተሸክሞ ይጋፋል፤ ረዳቱ የአገሩን ስም እየጠራ ይጮኻል፤ ተራ አስከባሪው ይቆጣል፤ አውቶቡሱ ግን በሩ አንድ ብቻ ስለ ሆነ አይንቀሳቀስም። በማሽኑም ውስጥ እንዲሁ ነው። ፋይሎቹን ሁሉ እንደገና መዝግቦ ማውጫ የሚያዘጋጀው አለ፤ ቫይረስ የሚፈትሸው አለ፤ ተጨማሪ እድሳት ከኢንተርኔት የሚያወርደው አለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አንዱ ሀርድ ዲስክ ይጋፋሉ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች በአንድነት ስትጫኑ ታስክ ማናጀር የሚባለው መስኮት ይከፈታል፤ በዚያም ዲስኩ መቶ በመቶ ተይዞ ታዩታላችሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ትዕግሥት ነው። ቻርጀሩን ሰክቶ፣ ክዳኑን ሳይዘጉ፣ እንዳይተኛ አድርጎ አንድ ሁለት ሌሊት መተው ነው። የእኔም ማሽን በሦስተኛው ቀን ግማሽ ሕመሙ ለቆት ተገኘ።

ለቀረው ግማሽ ያደረግሁትን በተራ እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፣ ማሽኑ ሲነሣ አብረውት የሚነሡትን ፕሮግራሞች ቀነስሁ። በዚያው በታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርት አፕ በሚለው ክፍል ዝርዝራቸው ይገኛል። ቴሌግራሙ፣ የሙዚቃ ማጫወቻው፣ የስብሰባ ፕሮግራሙ፣ ሁሉም ጌታቸው ሳይጠራቸው ማለዳ ተነሥተው በር ላይ ይቆማሉ። ማሰናበት ማለት ማጥፋት አይደለም፤ ስንፈልጋቸው ከፍተን እንጠራቸዋለን። አንቲቫይረሱን ግን መንካት አይገባም።

ሁለተኛ፣ ቦታ አስለቀቅሁ። ማሽኑ ሲሻገር አሮጌውን ሥርዓት ዊንዶውስ ኦልድ በሚባል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከ10 ጊጋ ባይት በላይ ይይዛል። የተቀመጠበትም ምክንያት አዲሱን ያልወደደ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለስ እንዲችል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መደምሰስ የመመለሻውን ድልድይ ማፍረስ ነው። አዲሱ መስማማቱን ካረጋገጥን በኋላ ግን፣ ሴቲንግስ ከሚለው ውስጥ ስቶሬጅ የሚለውን ገብተን ብናጠፋው ጉዳት የለውም። ዲስኩ እስከ አፉ ሲሞላ ማሽኑ ይታፈናልና ሁልጊዜ ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ያህል ባዶ መተው መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ «ሻት ዳውን» እና «ሪስታርት» አንድ እንዳልሆኑ ተረዳሁ። ብዙ ሰው ማሽኑን ዘግቶ መክፈት ያሳረፈው ይመስለዋል። ዳሩ ግን ቶሎ እንዲነሣ ሲባል፣ ሻት ዳውን ስንለው የሥርዓቱን ዋና ክፍል እንዳለ በዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፤ ሲነሣም ያንኑ ይቀጥላል። በእውነት ከእንደገና የሚጀምረው ሪስታርት ስንለው ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ሪስታርት ማድረግ ገንዘብ የማይጠይቅ ሕክምና ነው።

አራተኛ፣ ኢንተርኔቱን ልጓም አገባሁለት። እኛ ኢንተርኔት የምንገዛው በጥቅል እየተለካ ነው። ማሽኑ ግን ይህን አያውቅምና የወሩን ጥቅል በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠጣዋል። በዋይፋዩ ማስተካከያ ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ብናበራ ሥርዓቱ ይቆጥባል፤ አብዛኛውን እድሳትም እኛ ስንፈቅድ ብቻ ያወርዳል። ይሁን እንጂ ጨርሶ ማስራብ ደግሞ ዘበኛውን ማባረር ነው። ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ በቂ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ ወስዶ ማጥገብ ያስፈልጋል።

አምስተኛው የመብራት ነገር ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ በመሥራቱ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ቢሆንም ከግድቡ እስከ ቤታችን ያለው ሽቦ ረጅም ስለ ሆነ መብራት አልፎ አልፎ ብልጭ ድርግም ማለቱ አልቀረም። እድሳት በመጫን ላይ ሳለ መብራት የጠፋበት ማሽን፣ ሐኪም ሆዱን ከፍቶ ትቶት እንደ ሄደ በሽተኛ ነው። ላፕቶፕ ያለው ሰው ባትሪው ሳይሞላ እድሳት አይጀምር፤ ዴስክቶፕ ያለው ደግሞ ዩፒኤስ ከሌለው መብራት የሚረጋበትን ሰዓት ይምረጥ። የከተማችን ሙቀትና የመንገዱ አቧራ ማራገቢያውን ስለሚደፍኑትም፣ በዓመት አንድ ጊዜ ማስጠረግ ይገባል። አልጋ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራትም እስትንፋሱን መዝጋት ነው።

አሁን ደግሞ የእኛን የሐበሾቹን ልዩ ችግር ላንሣ። በየጽሕፈት ቤቱ ያሉ ብዙ የቆዩ ሰነዶች የተጻፉት ፊደላችን ዓለም አቀፍ ቁጥር ሳይሰጠው በፊት በወጡ ፎንቶች፣ ወይም የእነርሱን ዘዴ በተከተሉ ፎንቶች ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ነው፤ ዊንዶውስም ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ቪስታ በወጣበት ጊዜ በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲኑን ፊደል ቁጥር ተውሰው አማርኛ የሚያስመስሉ ነበሩ። ታዲያ ማሽኑ ከባዶ ተጭኖ አሮጌው ፎንት ሲጠፋ፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው ደብዳቤ ማንም የማያነበው የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆነ ወዳጄ ይህን አይቶ «ቫይረስ በላው» ብሎ ደንግጦ ነበር። የጠፋው ግን ጽሑፉ ሳይሆን ማንበቢያው ነበርና፣ የቀድሞው ፎንት ሲመለስ ደብዳቤው ሁሉ ከነማኅተሙ ቦታ ተገኘ። ስለዚህ ከመሻገር በፊት የፎንቶቹን ፎልደር ገልብጦ ማስቀመጥ፣ ከተሻገሩም በኋላ ዋና ዋናዎቹን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ያስፈልጋል። ነገ የሚተካን ሠራተኛ የእኛን ፎንት ፍለጋ ሲዞር እንዳይውል ነው።

ከሁሉ በላይ ግን መገልበጥ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ውጤቱን ሁሉ በአንድ የውጭ ሀርድ ዲስክ ላይ፣ እንደገናም በኢንተርኔት ማከማቻ ላይ አስቀምጫለሁ። ፍላሽ ለጊዜው ይረዳል፤ ነገር ግን በየኮፒ ቤቱ ሲዞር ውሎ ቫይረስ ይዞ የሚመለስ ስለ ሆነ ብቸኛ መዝገብ ሊሆን አይገባውም።

ይህን ሁሉ ካደረግሁ በኋላ ማሽኑ ለሥራ በቃ። የቀረው ዘገምተኛነት ከተሽከርካሪው ሀርድ ዲስክ እንደ ሆነ ስላወቅሁ፣ ገንዘብ አጠራቅሜ በኤስኤስዲ አስለወጥሁት። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው የተፈለገውን ወዲያው ያቀርባል። ቀድሞ ለመነሣት አራት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ማሽን ዛሬ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ወጪውም ከአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን የማይችል የሆነበት ሰው ደግሞ ተስፋ አይቁረጥ፤ እንደ ኡቡንቱና እንደ ሊኑክስ ሚንት ያሉ በነፃ የሚገኙ ሥርዓቶች አሉ። አማርኛም ይጽፋሉ፤ ትንሽ መልመድን ብቻ ይጠይቃሉ።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ አገራችን ኮምፒዩተርን በአብዛኛው ከሩቅ ገዝታ ታመጣለች። ጠብቀን ያቆየነው እያንዳንዱ ማሽን ሳይወጣ የቀረ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ከመማር ሳይቀር የተማረ ልጅም ነው። በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን አቧራ ለብሰው የተከመሩትን «የተበላሹ» ኮምፒዩተሮች ሳይ፣ ስንቶቹ ሁለት ሌሊት ዕረፍትና አንድ አዲስ ዲስክ ብቻ አጥተው እንደ ተጣሉ እያሰብሁ አዝናለሁ። በዚያው ከተማ ደግሞ አንድ ማሽን ለብዙ ተማሪዎች የሚዳረስበት ትምህርት ቤት አለ። ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ ወዳጆቼ፣ «ይወገድ» በሚለው ቅጽ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ማሽኑን አንድ ጊዜ አስመርምሩት። ተማሪዎችም ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የደከማችሁበትን ጽሑፍ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። እህቴ በበኩሏ ልምምዷን ቀጥላለች፤ ማሽኑን ከእርሷ እጅ ማግኘት የተቸገርሁት አሁን እኔ ነኝ።