ደፉን ለመሻገር

እናቴ የወደቀችው መንገድ ላይ አይደለም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ስትሻገረው በኖረችው በገዛ ቤቷ ደፍ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ ግራ ጎኗን ከመታት ወዲህ፣ እግሯን ስታነሳ ጣቶቿ አብረው አይነሱም። ወደ ታች ተዘንብለው መሬቱን እየጫሩ ይከተሏታል። ያን ዕለት ደፉ ያዛቸው። ደግነቱ አጥንቷ አልተሰበረም፤ ድፍረቷ ግን ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ ለቅሶ መድረሱ የእኛ ሆነ፤ ቅዳሴውንም ከአልጋዋ ሆና በድምፅ ማጉያ ትሰማ ጀመር። «ወድቄ ከምታነሱኝ ተቀምጬ ብታዩኝ ይሻላል» ማለትን አመጣች።

እህቴ ከዋሽንግተን ስትመጣ የሲጋራ ፓኮ የምታህል መሣሪያ ይዛ መጣች። በኤሌክትሪክ እንደምትሠራ ስንነግራት እናቴ አማተበች።

«ደግሞ በስተርጅና ኮረንቲ ልታስይዙኝ ነው?»

ለእሷ እንግዳ ሆነባት እንጂ ነገሩስ የቆየ ነው። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተች እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ ሲፈራገጥ አይቶ ግኝቱን ያሳተመው በ1791 እ.ኤ.አ. ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቭላዲሚር ሊበርሰንና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ እንደ እናቴ ያለውን እግር የሚያነሳ መሣሪያ አስተዋወቁ። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ጫማው ውስጥ ከተረከዝ ሥር ማብሪያ ማጥፊያ ይቀመጣል። ተረከዝ ከመሬት ሲለቅ፣ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል የሚያልፈው ነርቭ በመጠነኛ ኤሌክትሪክ ይቀሰቀሳል፤ የእግርም ጫፍ ቀና ይላል። ተረከዝ ሲያርፍ ኤሌክትሪኩ ይጠፋል።

ፊዚዮቴራፒስቷ አስቀድማ የጠየቀቻት ደረቷ ውስጥ የተቀበረ የልብ ምት መቆጣጠሪያ እንዳለ ነበር፤ ካለ አደጋ ሊያመጣ ይችላልና። ከዚያ ሁለት ተለጣፊ ነገሮች እያነሳች እየጣለች ነርቩን ፈለገች። እናቴ «ጉንዳን ወረረኝ» አለች። ወዲያው እግሯ ቀና አለ። ዝም ብላ ብዙ አየችውና፣

«ማነው ያነሳው?» አለች።

«የራስዎ ጡንቻ ነው እማማ፤ እኛ የጠራነው ብቻ ነው።»

የመጣው ጥፋት የእኔ ነው። ቸኩዬ አንድ ማታ ኃይሉን ከታዘዘው በላይ ጨመርኩት። ጮኸች። ሦስት ቀን ሙሉ እግሯን አላስነካም አለች። «የቸኮልከው ለእኔ ነው ወይስ ለራስህ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። እውነቷን ነው፤ እሷን ተቀምጣ ማየት የከበደኝ እኔ ነበርኩ።

መሣሪያዋ ስትሮክን አትፈውስም፤ ስትፈታ የእናቴ እግር ጫፍ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይወድቃል። የጡንቻ እንቅስቃሴውም አይቀርም። ተመራማሪዎች ከጆሮ ጀርባ እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ የአረጋውያንን ሚዛን ለማጽናት እየሞከሩ ነው። እኛ ቤት ግን ፈተናው ያው ደፉ ነበር። አናጢ ጠርቼ ላስነቅለው ብላት «ቤት ያለ ደፍ?» ብላ ከለከለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከዘራዋን ይዛ፣ እኔ ከኋላዋ እጄን ዘርግቼ፣ ተሻገረችው። ወደ ኋላዋም አላየችም። ማታ ሶፋው ላይ ሆና መሣሪያዋን ሳትፈታ መብራት ሄደ፤ ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። በጨለማው ውስጥ ድምፅዋን ሰማሁ።

«እኔስ አልጠፋሁም።»