ከድንኳኑ በፊት ፍሬኑ

አምበር፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፤

  

የገዛሽውን ሃርድ ቶፕ መኪና ፎቶ የጎረቤት ልጅ በስልኩ አሳየኝ። ልትገዢለት ያሰብሽውን ዕቃም አነበበልኝ፦ ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን፣ የጎን ሸራ፣ ባውዛ፣ ፍሪጅ፣ ዊንች፣ ተጣጣፊ ወንበርና ጠረጴዛ። እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ። ፍሬን የሚል የለበትም። ጎማ የሚል የለበትም። ቺንጋ የሚል የለበትም። በስልክ ብነግርሽ «እሺ አባዬ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

እናትሽ «ቤት ያላት ልጅ ሜዳ ላይ ማደር ምን ይሉታል?» ብላ ተቆጥታለች። እኔ አልተቆጣሁም። የአውራ ጎዳና ሾፌር ሳለሁ ቤታችን ድንኳን ነበር፤ ድንኳኑ ካልደረሰ ደግሞ ከመኪናው ሥር እንተኛ ነበር። ያኔ ደመወዝ ይከፈለን የነበረበትን ነገር ዛሬ ሰዎች ከፍለው ያደርጉታል፤ ይገርመኛል እንጂ አይከፋኝም።

መኪናው አሮጌ ነው ብለሽ አትፈሪ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለበት፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል አገር እንዳይገባ ከለከለ። እንግዲህ ያለውን እያበጁ መንዳት ነው። ደግሞም ጥሩ አሮጌ ነው የገዛሽው። ከኮፋኖው ሥር ያለው ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ሞተር መሆኑን ነግረሽኛል፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ በናፍጣ የሚሠራ። ኮምፒውተር የለው፣ ቱርቦ የለው። የትኛውም ወረዳ ከተማ ያለ መካኒክ በቁልፍና በጆሮው ያበጀዋል። ጉድለቱም ከዚያው ይመጣል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል። ደብረ ማርቆስ 2400 ሜትር ላይ ናት፤ እዚህ ስትደርሺ ሩብ የሚሆነው ጉልበት የለም ብለሽ ቁጠሪ። ከዚያ በላይ ስትወጪ ጥቁር ጭስ ቢተፋብሽ አትደንግጪ፤ አየር አንሶት ነው። ማርሽ ቀንሺለት፣ ነዳጅ አትርገጪበት።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልመልስሽ። ከአዲስ አበባ ወደኛ የሚመጣ መኪና ጎሐ ጽዮን ላይ ከ2500 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ዓባይ በረሃ 1000 ሜትር አካባቢ ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ይህ ሁሉ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ውስጥ ነው። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እዚህም እዚያም ተሰንጥቋል፣ ተጣሟል። ከላይ ጋቢ ደርበሽ የተነሣሽ ከታች ሹራብሽን ታወልቂያለሽ፤ አንቺ የሞቀሽን ያህል መኪናውም ይሞቀዋል።

ፍሬን የሚበጥሰው እዚያ ነው። አበጣጠሱን ልንገርሽ፣ ብዙ ሾፌር ዕድሜ ልኩን ነድቶም አያውቀውም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ሳይቀየር ዓመታት ከቆየ ውሃ ያዘለ ዘይት ይሆናል። ቁልቁለቱን ፔዳል ረግጠሽ ብቻ ከወረድሽ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ግለቱ ወደ ዘይቱ ያልፋል፣ በዘይቱ ውስጥ ያለው ውሃ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት ሲጫኑት አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ያኔ ፔዳሉ ጥጥ የረገጡ ያህል ይለሰልስና ወለል ይነካል፤ መኪናው ግን መንገዱን ይቀጥላል። ከዚያ አስቀድሞ ምልክት ይሰጥሻል፦ የሚቃጠል ሸራ ሽታ አፍንጫሽ ውስጥ ይገባል። ከፊትሽ ከባድ መኪና ካለ የእርሱ ነው ብለሽ አትለፊው፤ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገሽ ቁሚ። ማርሽ ውስጥ ተዪው፣ ጎማውን በድንጋይ ታኮ አድርጊለት፣ ሞተሩን አጥፊ። የጋለው ብረት ላይ ውሃ አትድፊ፣ ይሰነጠቃል። ግማሽ ሰዓትም ይሁን አንድ ሰዓት፣ እጅሽን ወደ ቸርኬው ስታስጠጊ እስከማይፈጅሽ ድረስ ጠብቂ።

ስለዚህ ከመነሣትሽ በፊት ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስቀይሪ። ጋራዥ ሰጥተሽ ቡና ልትጠጪ አትሂጂ፤ ቁመሽ እዪ። ጠቁሮ የሚወጣው አልቆ ጥርት ያለው እስኪመጣ ድረስ በአራቱም ጎማ በኩል ከፍሬኑ መስመር አየር ያስወጡለት። ሸራውንም አስፈትተሽ እዪው። ስትወርጂ ደግሞ ደንቡ ያው የድሮው ነው፦ ዳገቱን በሁለተኛ የሚወጣ መኪና ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ይወርዳል። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከላይ አስገቢ። ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ የሚሉ ጀግኖች ያጋጥሙሻል፤ አትስሚያቸው። ማርሽ ውስጥ ሆነሽ እግርሽን ከነዳጁ ካነሣሽ ይህ ሞተር ናፍጣውን ራሱ ይቆርጠዋል፤ የሚቆጠብ ነገር የለም። ከታች በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን ድልድይ ስትደርሺ ፎቶ ልታነሺ አትቁሚ፤ ጥበቃዎቹ አይወዱትም።

የዕቃሽን ዝርዝር መልሼ ሳስበው ሁሉም ክብደት ነው። ሃያ ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ያንኑ ያህል ናፍጣ 17 ኪሎ ይሆናል። የጣሪያው ድንኳን ብቻውን ከ50 እስከ 60 ኪሎ ይመዝናል። በዚያ ላይ ፖርቶ መጋላው ራሱ፣ በዚያ ላይ ሁለተኛው ስኮርታ፣ በዚያ ላይ ጀሪካኑ። ሃርድ ቶፕ አስቀድሞም ቁመቱ ረጅም ነው፤ ከላይ የተጫነ እንደሆነ ወደ ጎን ባዘነበለ መንገድ ላይ ልብሽ ሳይቀር ያዘነብላል። የተጫነችው ኪሎ ሁሉ ደግሞ ዓባይ ላይ የምትወርደው በዚያው ፍሬን ነው። «ባሌስትራ እንጨምርበትና ጫኚ» የሚልሽ ባለ ጋራዥ አይጠፋም፤ ባሌስትራ ዕቃ ይሸከም ይሆናል፣ መኪና አያቆምም።

እኔን ከሰማሽ የጣሪያውን ድንኳን ተዪው። የኋላውን አግዳሚ ወንበር አስነቅዪና አናጢ ከጣውላ አልጋ ይሥራልሽ፤ ከሥሩ የብረት ሣጥኖች ይግቡበት። ሣጥኑን አዲስ አትግዢ፤ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበትን ምናለሽ ተራ ዞር ዞር ካልሽ የሚሆንሽን ታገኛለሽ። ከባዱ ከታችና ወደ መካከል፣ ቀላሉ ከላይ፣ ሁሉም በገመድ ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰር። ያልታሰረ ጀሪካን ፍሬን ስትይዢ የሚመጣው ወደ ማጅራትሽ ነው። ናፍጣ ያለበት ጀሪካን አንቺ በምትተኚበት ክፍል አይደር። ጣሪያው ላይ ቀላል ነገር፣ መሬት ላይ የሚተከል ትንሽ ድንኳንና ሸራ፣ ይበቃል።

ዊንቹንም ተዪው። የእኛን አገር ሜዳ ታውቂዋለሽ፤ ማሳው መካከል ገመድ የምታስሪበት ዛፍ የት አለ? ዋልካ የያዘውን መኪና የሚያወጣው አካፋ፣ ሁለት ጣውላ፣ ጠንካራ ገመድና ሰው ነው። ዋልካ ግን ከመያዙ በፊት ነው ብልሃቱ። ዝናብ ጥሎ እንዳባራ አትግቢበት፤ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ወዲያ መሪው የአንቺ አይደለም። ግማሽ ቀን ፀሐይ ካገኘ ይጠነክራል፤ ቡና አፍልተሽ ጠብቂ። የግድ ካለፍሽም የጎማውን ንፋስ ከ35 ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ አውርጂ፣ ጎማው ሰፍቶ ይረግጣል። ካለፍሽ በኋላ አስፋልት ላይ እንዲሁ አትንጂው፣ ይግላል፣ ይፈነዳል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የጎማ ንፋስ መሙያ ከፍሪጁ በፊት የምልሽ ለዚህ ነው።

ስለ ጎማው አንድ ነገር ልጨምር። ሻጩ ጥርሱን ያሳይሻል፤ አንቺ ጎኑን እዪ። አራት ቁጥር አለበት። 1218 ካለ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. በ12ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ጎማ አለ፤ ላስቲኩ ደርቆ በጎኑ ተሰንጥቆ ታገኚዋለሽ፣ በረሃ ሲገባ ይተረተራል። ባለ ከመነዳሪ ከሆነ ትርፍ ከመነዳሪ ያዢ። ስኮርታውንም አውርደሽ ንፋሱን ለኪ፤ ብዙ ሰው ስኮርታው ባዶ መሆኑን የሚያውቀው መንገድ ላይ ነው።

የራዲያተሩን ክዳን አስቀይሪ። ትንሽ ነገር ናት፣ ዋጋዋም ትንሽ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ጮቄ ተራራ አናት ላይ ከዚያም ያንሳል። ክዳኑ ግፊት ይዞ ነው ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው፤ ላስቲኩ ካለቀ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ውሃው ይንተከተካል፣ አንቺም ሞተር ተበላሸ ብለሽ ታለቅሻለሽ። በዚሁ ምክንያት ደጋ ላይ ምስር አይበስልልሽም፤ ሌሊቱን ሙሉ ከምትቀቅዪ በሶ በጥብጠሽ ተኚ። እናትሽ በሶውንና ድርቆሹን አዘጋጅታለች፤ ተቆጥታም ቢሆን።

ቺንጋና የናፍጣ ፊልትሮ ትርፍ ያዢ፣ የሞተር ዘይትም። ሁለተኛ ባትሪ ካስገባሽ የፍሪጁ ከሞተሪኖው ባትሪ የተለየ ይሁን፣ ጠዋት ተገፍተሽ እንዳትነሺ። አንዳንዱ ሃርድ ቶፕ 24 ቮልት ነው፤ መብራት ከመግዛትሽ በፊት አስለኪው። በዚህ ላይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፣ ኤሌክትሪክ የአንቺ ዘመን ነው።

ከሰል ግን የእኔም የአንቺም ዘመን ነው። ደጋ ላይ ሌሊቱ ሲበርድ ምድጃውን ወደ መኪናው ወይም ወደ ድንኳኑ አስገብቶ መስኮት መዝጋት ያስመኛል። ፈጽሞ አታድርጊው። ጭሱ የጠፋ፣ ፍም ብቻ የሆነ ከሰል ይባስ ያታልላል፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ያስተኛል፣ ከዚያ አያስነሣም። ቡሉኮ ከሥርሽ፣ ቡሉኮ ከላይሽ፣ መስኮቱ ሁለት ጣት ክፍት።

ወደኛ መምጣቱን አትቸኩዪበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን ያለበትን ግጭት ታውቂያለሽ። መንገዱ ሰላም መሆኑን የሚያውቁት በየቀኑ የሚመላለሱት ሾፌሮች ናቸው፤ እነርሱን ሳትጠይቂ አትነሺ፣ ናፍቆት አያስቸኩልሽ። መጀመሪያ ወደ ባሌ ሂጂ። ዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አለ፣ እዚያ ተመዝግበሽ፣ አስጎብኚ ይዘሽ ድንኳን መትከል ትችያለሽ። ጎባ ላይ ናፍጣሽን ሙዪና ወደ ሳነቴ ውጪ፤ መንገዱ ከ4000 ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ነው፣ ቀይ ቀበሮም ከመኪናሽ ሳትወርጂ ልታዪ ትችያለሽ። ከሳነቴ ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል ስትወርጂ ፍሬንሽን በደንብ ትተዋወቂዋለሽ። ከዓባይ በፊት እዚያ ቢታወቅ ይሻላል።

አገር ሰላም ሲሆን በደብረ ማርቆስ፣ በረቡዕ ገበያ አድርገን አብረን ጮቄ እንወጣለን፤ ጅብራ የሚባለውን ተክል አሳይሻለሁ። የትም ብትሆኚ ባዶ የመሰለሽ ሜዳ ባለቤት አለው፤ የአንዱ ግጦሽ ነው፣ የአንዱ ድንበር ነው። ሳይመሽ ደርሰሽ፣ ከመኪናሽ ወርደሽ፣ ሰላም ብለሽ «መሽቶብኝ ነው፣ የት ልደር?» ብለሽ ጠይቂ። ከቤት ግቢ ካሉሽ ግቢ፤ ድንኳኑ ሌላ ቀን ይተከላል። መኪናሽን ከጭቃ ላወጣልሽ ገበሬ ደግሞ ገንዘብ ከመዘርጋትሽ በፊት አብረሽው ቁጭ በይና ከስንቅሽ ብዪ፤ ብሩን ኋላ ለልጆቹ ብለሽ ስጪው፣ ያኔ ይቀበልሻል።

ክሪኬን ለአክስትሽ ልጅ ሰጥቼ ልኬልሻለሁ። ባለ ዘይቱ ነው፤ ተኝቶ ከመጣ ዘይቱ ስለሚፈስ አቁሞ እንዲያመጣው ነግሬዋለሁ፣ አንቺም እንደደረሰሽ እዪው። ጎማ ስትቀይሪ ከሥሩ ጣውላ አድርጊለት፣ አለዚያ መኪናውን ሳያነሣ ራሱ ይሰምጣል። ሶማሌ ተራ ለመለዋወጫ ስትሄጂ የፍሬን ሸራ ስንት እንደሚሉ ጠይቂና ሳትከፍዪ ደውዪልኝ፤ ደብረ ማርቆስ የማውቀው ሰው አለ፣ ዋጋውን አስተያይተን እንገዛለን።

አባትሽ