የአባት ፊርማ

ባለፈው የትምህርት ዘመን የታሪክ አስተማሪያችን ስለ ሩማንያ ገበሬዎች ሲያስረዱን፣ ማስታወሻ መያዙን ትቼ በሐሳብ ሄድሁ። ምክንያቱን ለመናገር ይህችን አጭር ጽሑፍ ለመጽሔታችን አቀርባለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥልጣን የያዘው የሩማንያ ኮሙኒስት ፓርቲ በመጋቢት 1949 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የገበሬው መሬት፣ ፈረስና ማረሻ በኅብረት እርሻ እንዲጠቃለል ወሰነ። የፓርቲው ቃል «በፈቃድ» የሚል ነበር። ገበሬው ማመልከቻ ፈርሞ ራሱ «አስገቡኝ» ብሎ ይለምናል። እምቢ ያለውን ግን መከራ ይከተለዋል፤ ትንሽ ሀብት ካለውም «ኪያቡር»፣ ይኸውም የመደብ ጠላት፣ ይባላል። መሪው ጊዮርጊው ዴዥ ራሱ በ1961 ከ80,000 በላይ ገበሬዎች ታስረው እንደነበር ገልጦ፣ ጥፋቱን ከሥልጣን ባባረራቸው ጓዶቹ ላይ ጣለ።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። አባቱ አልፈርም ያለ ተማሪ ከትምህርት ቤት እየተባረረ «ሂድና አባትህን አስፈርም» ይባል ነበር። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፤ እዚህ የተቀመጥሁት አባቴ በሬ ሸጦ ነው። ያ ተማሪ እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር? እውነቱን ለመናገር፣ አባቴ እግር ላይ ወድቄ «ፈርምልኝ» የምለው ይመስለኛል። እርሱም ለእኔ ሲል ይፈርም ነበር። መዝገቡም «በፈቃዱ ገባ» ይል ነበር።

ለዕረፍት አገር ቤት ስወርድ ይህንኑ ለአያቴ አጫወትኋቸው። እርሳቸው በደርግ ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1971 ዓ.ም. በኋላ፣ «አምራች» በሚባለው ማኅበር ገብተው በሬዎቻቸውን ያስረከቡ ናቸው። ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ፣

«ለመሆኑ ፈረሱን ሌሊት ማን ይነሣለት ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «የሁሉ የሆነ ከብት የሚነሣለት የለውም» አሉ።

«አባባ፣ እርስዎስ የገቡት በፈቃድ ነበር?»

«ፈቃድህ ነው ብለው አስጠሩኝ። ፈቃዴ ቢሆንማ መቼ ይጠሩኝ ነበር!»

ሩማንያ ሥራውን በ1962 ፈጸምሁ ብላ አወጀች፤ በ1991 ደግሞ መሬቱን ለባለቤቶቹና ለወራሾቻቸው የሚመልስ ሕግ አወጣች። የእኛም አገር «አምራች» ከየካቲት 1982 ዓ.ም. በኋላ፣ መውጣት ሲፈቀድ፣ በጥቂት ጊዜ ፈረሰ።

ውድ ጓደኞቼ፤ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን ለገበሬ ወረቀት የምንዘረጋው እኛ ነን። ፊርማውን ከመቀበላችን በፊት «እምቢ ቢልስ ምን ይደርስበታል?» ብለን እንጠይቅ። የፈቃድ መለኪያው ይኸው ነው።