ሽቅብ በሞተር፣ ቁልቁል በሻንሲ

ሞተር ሳይክልን በአጭሩ «ሞተር» ነው የምንለው። «ሞተር ገዛ»፣ «በሞተር መጣ» እንላለን፤ እናንተም ሳትሉ አትቀሩም። ሞተሩን የተሸከመው ብረት፣ ማለትም ሻንሲው፣ በስሙ ውስጥ የለም። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር።

የአባቴ ሞተር ሳይክል ሲቀላ ግቢያችን ውስጥ፣ ማንጎው ሥር ከቆመ ዓመታት አልፈውታል። ሞተሩ ተቃጥሎ ነው የቆመው። ታናሽ ወንድሜ ታዲያ ከተገጨ ሞተር ሳይክል የወጣ፣ ጉልበቱ ከድሮው እጥፍ የሚጠጋ ሞተር አገኘ። «አባባ፣ ይሄ ሰው ጭኖ ዶርዜ ይወጣል!» አለ። ሐሳቡ ግን ዶርዜ ብቻ አልነበረም፤ ልጁን ጠዋት ጠዋት ሴቻ ትምህርት ቤት ሊያደርስበት ነው።

እኔም ደገፍኩት። ምክንያቱም የእንግሊዞቹን ታሪክ አንብቤያለሁ። ኖርተን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950 ለውድድር ሞተር ሳይክሎቹ አዲስ ሻንሲ አወጣ። የነደፈው የቤልፋስቱ ሬክስ ማካንድለስ ሲሆን፣ የተበየዱ የብረት ቱቦዎች በግራና በቀኝ ሙሉ ዙር ዞረው ሞተሩን ያቅፉታል። የሞከረው ተወዳዳሪ ምቾቱን ከላባ ፍራሽ ጋር ስላመሳሰለው «ፌዘርቤድ» የሚል ስም ወጣለት። በዚያው ዓመት ጄፍ ዱክ በአይል ኦፍ ማን ደሴት የሚካሄደውን የሲኒየር ቲቲ ውድድር በዚህ ሻንሲ አሸነፈ።

የኖርተንን የውድድር ሞተር ደግሞ ባለ500 ሲሲ ትንንሽ የውድድር መኪና የሚሠሩ ሰዎች ይፈልጉት ነበር። ኩባንያው ሞተሩን ለብቻው ስለማይሸጥላቸው ሙሉ ሞተር ሳይክል ይገዙና ሞተሩን ያወጡለታል። ባዶ የቀረውን ሻንሲ ያገኙ ወጣቶች የትራይምፍን ባለሁለት ሲሊንደር ሞተር ገጠሙበት። ከትራይምፍና ከኖርተን «ትራይተን» ተወለደ።

እንግሊዞቹ ከቻሉ ሲቀላ ምን ያቅታታል? አልኩ።

የወሰድንላቸው መካኒክ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ወንድሜ ስለ ሞተሩ ጉልበት ሲያወራ እስኪጨርስ አዳመጡትና፣ «መውጣቱን ነገርከኝ ልጄ። ስትወርድስ?» አሉት።

ሽቅብ ስትወጡ የሚለፋው ሞተሩ ነው። ቁልቁል ስትወርዱ ግን ፍጥነቱን፣ የተሳፋሪውን ክብደትና ፍሬን ሲያዝ የሚመጣውን ጫና የሚችለው ሻንሲው ነው። ከሴቻ ወደ ሲቀላ የሚወርደውን መንገድ የምታውቁ ይገባችኋል።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ከመቀመጫው በታች ያለውን ቀለም በቢላ ፋቁት። ድሮ የተበየደ ቦታ ብቅ አለ። ከብየዳው ጎን ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች፤ የወንድሜ ልጅ ከምትቀመጥበት ቦታ ልክ ሥር። ሁለታችንም ቃል አልወጣንም።

ማታ ለአባባ ነገርናቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔ ነኝ ያስበየድኩት» አሉ። «ከጨንቻ ስመለስ በጭቃ ተንሸራትቼ ወድቄ ነበር። እናታችሁ እንዳታውቅ ቀለም አስቀባሁት።» እናታችን ጓዳ ሆና ሰማች።

የትራይተንን ታሪክ ለካ ገልብጬ ነበር ያነበብኩት። ወጣቶቹ የተነሱት በዘመኑ ከምርጦቹ አንዱ ከነበረ ሻንሲ ነው፤ ጉልበቱን የጨመሩት ለሚችለው ነው። እኛ ግን ሞተሩን አግኝተን የሚሸከመውን ሳንጠይቅ ቀረን።

እናንተም ያገለገለ ሞተር ሳይክል ስትገዙ አስነስታችሁ ድምፁን ብቻ አትስሙ። ሊብሬው ላይ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ለየብቻ ተጽፏል፤ ሁለቱንም ብረቱ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ሞተሩ የተቀየረ ከሆነ ማሰሪያው በምን እንደተሠራ፣ ሰንሰለቱ ከፊት እስከ ኋላ በአንድ መስመር መሄዱን፣ ፍሬኑ ለአዲሱ ጉልበት መብቃቱን በመካኒክ አስመርምሩ። አንድ ቦታ ብቻ ቀለም ተቀብቶ ካያችሁ፣ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ።

ወንድሜ ሞተሩን መልሶ ሸጠው። ልጁ ሴቻ የምትሄደው በባጃጅ ነው። የአባባ ሞተር ሳይክል ዛሬም ማንጎው ሥር ቆሟል። እናቴ በዚያ ባለፈች ቁጥር ቆም ብላ የተፋቀውን ቦታ ታየዋለች፤ አባባ ደግሞ ያን ጊዜ ሬዲዮናቸውን ከፍ ያደርጋሉ።