ከባሕር በታች የታረመ መምህር

የተፈጥሮ ሳይንስ ባስተማርሁባቸው 18 ዓመታት፣ የባሕር ጠላቂ ነገር በተነሣ ቁጥር «ጠላቂ በጀርባው ኦክሲጅን ይሸከማል» እያልሁ በሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ተማሪዎቼም ገልብጠውታል፤ በፈተና ይህንኑ ለመለሱልኝም ሙሉ ነጥብ ሰጥቻለሁ። ስሕተት ነው ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም፤ ወይም እንዲህ ይመስለኝ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. በጥር ወር ጂቡቲ የሚኖረውን ያጎቴን ልጅ ልጠይቅ ወረድሁ። እርሱ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ መጥለቅን ይማር ነበርና፣ «ጣና ዳር ያደግህ ሰው ዋና አያቅትህም» ብሎ ከጀማሪዎች ጋራ አስመዘገበኝ። በጀልባው ላይ እንደ ልማዴ ላጠገቤ ሰዎች ማስተማር ጀመርሁ፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን መሆኑንም አስረዳሁ። ይህን ጊዜ መሣሪያ የሚያቀርብ አንድ የድሬዳዋ ልጅ፣ ዕድሜው ከተማሪዎቼ ብዙ የማይበልጥ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ኦክሲጅን አይደለም፤ ይኸው የምንተነፍሰው አየር ነው፣ ተጨምቆ የተሞላ» አለኝ።

ፊቴ ጋለ። እውነቱን ለመናገር አስቀድሞ የታየኝ የልጁ ድፍረት እንጂ የራሴ ስሕተት አልነበረም። በልጅነቴ፣ በንባብ ቤት፣ እርማት የሚመጣው ከአለንጋ ጋራ ስለ ነበረ፣ መታረምንና መዋረድን ሳልለይ ጎልምሻለሁ። ልጁ ግን ሳይኮራ ምክንያቱን ጨመረልኝ። አየሩ እንደ ውጭው ሁሉ ከመቶ 21 እጁ ኦክሲጅን ነው፤ የቀረው፣ ጥቂት ሲቀር፣ ናይትሮጅን ነው። ንጹሕ ኦክሲጅን እየተነፈሰ ከ6 ሜትር በታች የሚወርድን ሰው ግን ከግፊቱ የተነሣ ኦክሲጅኑ ሊመርዘው ይችላል፤ ሰውነቱ ይንፈራገጣል፣ መተንፈሻው ካፉ ይወድቃል፣ ይሰምጣል።

ያን ጊዜ ደብተሮቹ ትዝ አሉኝ። ከሁሉ ይልቅ ግን ከዓመታት በፊት ከኋላ ወንበር እጁን አንሥቶ፣ «መምህር፣ አየር አይደለም እንዴ?» ያለኝ ተማሪ ታወሰኝ። «ተቀመጥ» ብዬው ነበር።

የሚቀጥለው ደግሞ ይብሳል። የቦይልን ሕግ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ግፊት ዕጥፍ ሲሆን የአየር ይዘት በግማሽ ይቀንሳል። በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከባሕሩ ገጽ ዕጥፍ ነውና፣ በዚያ ሳንባውን ሞልቶ ትንፋሹን እንደ ያዘ የሚወጣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ሁለት ሜትር በሚሆን ውሃ ስንለማመድ መነጽሬ ውሃ ቢያስገባ ደንግጬ ትንፋሼን ይዤ ሽቅብ ተነሣሁ። አስተማሪያችን ከመታጠቂያዬ ያዘችኝ፤ መተንፈሴን እስክታይም አልለቀቀችኝም። ለዚህ ጉዳት ጥልቅ ባሕር እንደማያስፈልግ በኋላ በሁሉ ፊት ነገረችኝ።

ማታ ማታ ጠላቂዎቹ የዕለቱን ጥፋት ይነጋገሩ ነበር። ከ20 ዓመት በላይ የጠለቀ አንድ ሽበታም ሰው ነበረ፤ በዚያው ወር የጀመረች ልጅ «ዛሬ ፈጥነው ወጡ» አለችው። እኔ ስለ እርሱ ተሸማቀቅሁ። እርሱ ግን በእጁ ያለውን መለኪያ ተመልክቶ «እውነትሽን ነው» አለና አመሰገናት። በደም ውስጥ የገባው ናይትሮጅን በችኰላ ሲወጡ አረፋ እየሆነ ይጎዳልና፣ በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳያልፉ መውጣት፣ በ5 ሜትር ላይም 3 ደቂቃ መቆየት ይገባል። ሽበታሙ በወጣትነቱ የተማረው ግን በደቂቃ 18 ሜትር ነበር፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል እንኳ ይህን ልክ ወደ 9 ያወረደው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። ሕጉም ራሱ ታርሟል ማለት ነው።

ወደ ትምህርት ቤት በተመለስሁ ጊዜ በሰሌዳው ላይ «የተጨመቀ አየር» ብዬ ጻፍሁና ለ18 ዓመታት መሳሳቴን ለክፍሉ ነገርሁ። ጥቂቶች ሣቁ፤ አንዲቱ ግን ወዲያው እጇን አንሥታ ባለፈው ሳምንት የሰጠሁትን ሌላ ቍጥር ጠየቀችኝ። መጽሐፉን ገልጠን አየን፤ እርሷ ልክ ነበረች።

ያን የኋላ ወንበር ተማሪ በስልክ ፈልጌ አገኘሁት፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ጥያቄውን አልረሳውም። «ከመጽሐፍ አንብቤ በደብተሬ ጽፌው ነበር» አለኝ፤ «እርስዎ ተቀመጥ ሲሉኝ ግን የተሳሳትሁ መስሎኝ ሠረዝሁት።»