ጨረሩና ማደሪያው

«ጨረሩ ያቃጥላል ወይ?» እያላችሁ የጠየቃችሁኝ ወዳጆቼ ብዙ ስለ ሆናችሁ፣ ለእያንዳንዳችሁም እንዳልጽፍ የካንሰር የጨረር ሕክምናዬ ያመጣብኝ የሰሞኑ ድካም ስለ ከለከለኝ፣ መልሱን በአንድነት እጽፍላችኋለሁ። ጨረሩ በሚወርድበት ሰዓት አይታይም፣ አይሸትም፣ አያምም። ሕሙሙ በቆዳው ላይ በተሰመረው ምልክት ልክ ተስተካክሎ በጠንካራው አልጋ ላይ ይጋደማል፤ ባለሙያዎቹ ወጥተው ወፍራሙን በር ይዘጋሉ፤ መኪናው ጥቂት ደቂቃ ሲያጉረመርም ይቆይና «ይነሡ፣ አልቋል» ይባላል። ቃጠሎው የሚገለጠው ዘግይቶ ነው፤ ከሳምንታት በኋላ ቆዳው ይጠቁራል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዴም ይላጣል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን እንቅልፍ የማያሽረው ድካም ነው።

ይህ ረቂቅ ኃይል ለሰው ልጅ ከተገለጠ ብዙ ዘመን አይደለም። ጀርመናዊው ሊቅ ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. ኤክስሬይን ባገኘ በሦስተኛው ዓመት ማሪ ኩሪ ከባሏ ከፒየር ጋር ሆና ራዲየምን አገኘች፤ እርሷም ባገኘችው ነገር ስንቱ ድውይ ሲፈወስ አይታ፣ ራሷ ግን ለብዙ ዘመን ያለ መከለያ ስትሠራበት በመኖሯ የመጣባት ነው በሚባል የደም ሕመም በ1934 እ.ኤ.አ. ዐረፈች። ገዳዩም ፈዋሹም ያው አንድ ጨረር ሆኖ፣ ሁለቱን የሚለያቸው መጠኑና አከፋፈሉ ብቻ ነው። ጨረሩ የሴሉን ዘረ መል ይሰብራል፤ ጤነኛው ሴል የተሰበረውን ለመጠገን ከካንሰሩ ሴል የተሻለ ችሎታ ስላለው፣ ሐኪሞች መጠኑን በብዙ ቀን ከፋፍለው፣ ብዙ ጊዜ በቀን 2 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ያህል፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለአምስት፣ ለስድስት ወይም ለሰባት ሳምንት ይሰጡታል። ለጡት ካንሰር ዛሬ ዛሬ ሦስት ሳምንት የሚበቃበት ጊዜ አለ። ሕሙሙ በመካከሉ ቢቀር ግን ዕረፍት የሚያገኘው ጤነኛው ሥጋ ብቻ አይደለም፤ የተረፈውም ካንሰር ለመራባት ፋታ ያገኛል። በማሕፀን በር ካንሰር የተያዘች ሴት ጠቅላላ ሕክምናዋ በ8 ሳምንት ውስጥ እንዲፈጸም ሐኪሞች አጥብቀው የሚሹት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ የዚህ ሕክምና ግማሹ መድኃኒት ሳይቋረጡ መገኘት ከሆነ፣ መኖሪያዋ ከአዲስ አበባ የብዙ ሰዓት መንገድ የሆነች ሴት እነዚያን ሳምንታት የት ታድራለች? በሀገራችን ለሃያ ዓመት ያህል የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ መኪናውም የኮባልት ስለ ነበረና የኮባልት 60 ምንጭ በ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ምንጩ ካልታደሰ አንዱን ሰው ለማከም ዕጥፍ ደቂቃ ያስፈልግ ነበር፤ ደቂቃው ሲረዝም ወረፋው እንደሚረዝም የታወቀ ነው። ዛሬ በጅማም ሕክምናው መጀመሩ ታላቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ እኔ ቤቴ ቅርብ ሆኖ በየቀኑ ወደ ልጆቼ ስመለስ፣ በመጠበቂያው ወንበር አጠገቤ የሚቀመጡት እናት ከወሎ መጥተው በቀን ሒሳብ በሚከፈልበት አልጋ ያድራሉ፤ በከተማው ዘመድ የላቸውም ማለት አይደለም፤ አላቸው። ዘመዳቸው ግን «ጨረሩ ወደ ሕፃናቱ ይጋባል» ብሎ ፈርቷል።

አይጋባም። ከውጭ የሚሰጠው ጨረር መኪናው በቆመበት ቅጽበት አብሮ ያበቃል፤ በሰውነት ውስጥ አይቀመጥም፤ የታከመች እናት ልጇን ብታቅፍ፣ ከሰው ጋር ከአንድ ገበታ ብትበላ፣ በአንድ ክፍል ብትተኛ ማንንም አትጎዳም። (ለእንቅርት ካንሰር የሚዋጠው ጨረር አመንጪ አዮዲን ሌላ ነው፤ እርሱ ለጥቂት ቀን መራቅን ይጠይቃል፣ ይህንንም ሐኪሙ አስቀድሞ ይናገራል።)

ስለ ጠበልም አንድ ቃል ልጨምር፤ ይህን የምጽፈው የማምን ሰው ሆኜ ነው። በየማለዳው ጠበል የሚጠመቅ ሰው በቆዳው ላይ በቀለም የተሰመረለት ምልክት ይለቅበታል፤ ምልክቱ ሲጠፋ ልኬቱ እንደ ገና ይሠራለታል፣ ቀኑም ይባክናል። የንስሐ አባቴን ባማክራቸው፣ ሕክምናው እስኪፈጸም እየጠጣሽ ቆዪ፣ ጾሙንም ሐኪሙ በሚልሽ ልክ አቅልይው አሉኝ። ሌሎች ካህናትም እንዲሁ ቢመክሩ ስንት ሰው ከመንገድ ባልቀረ ነበር።

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ የምንዘክረው የወንጌሉ ሕሙም መጻጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት ታሞ በመጠመቂያው ዳር የተኛው፣ ውኃው ፈውስ አጥቶ አልነበረም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው አጥቶ ነው። በየመጠበቂያው ወንበር የማያቸው ሰዎችም፣ ፈውሱ ከፊታቸው ሳለ፣ ማደሪያ ስላጡ በሦስተኛው ሳምንት ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አውቶቡስ ተራ የሚሄዱ ናቸው። ማረፊያ የሚሰጡ በጎ አድራጊዎች አሉ፤ ቦታቸው ግን ጠባብ ነው።

ስለዚህ በከተማው ትርፍ ፍራሽ ያላችሁ ሁሉ፣ ለጨረር የመጣ ዘመድ ወይም የዘመድ ዘመድ ሲደውልላችሁ፣ ለስንት ቀን እንደሚቆይ አትጠይቁት፤ ስድስት ሳምንት ሊሆን እንደሚችል አስቀድማችሁ ዐውቃችሁ ተቀበሉት፤ ልጆቻችሁንም አጠገቡ አስቀምጡ።