በሊዮን ከተማ ልጄ ስለ ጋበዘችኝ ራት

ልጄ ሕግ እንድትማር ወደ ፈረንሳይ አገር ከሄደች በኋላ፥ በሁለተኛው ዓመት ያንን ትምህርት ትታ የምግብ ሥራ ትምህርት ቤት መግባትዋን በደብዳቤ አስታወቀችኝ። ደብዳቤውን አንብቤ ለእናትዋ ሰጠኋትና ሦስት ቀን ያህል ከማንም ጋራ አልተነጋገርሁም። በአራተኛውም ቀን እንዲህ ብዬ መለስሁላት፤ «በቤታችን ወጥ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ አንቺም ከእጃቸው በልተሽ አድገሻል፤ ነገር ግን ለሌላ ሰው ወጥ ቤት ትሆኚ ዘንድ ባሕር አላሻገርሁሽም።» ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ የምትጽፈው ለእናትዋ ብቻ ነበር። በደብዳቤዋም መጨረሻ ለኔ ሰላምታ ሳትጽፍ የቀረችበት ጊዜ የለም፤ መልስ ያልሰጠሁ እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት፥ ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ፥ አንድ ጉዳይ ወደ ፓሪስ አደረሰኝ። ባለቤቴም በርበሬና ኮረሪማ በትንሽ ከረጢት ቋጥራ «ይህን በእጅዋ ሳትሰጥ እንዳትመለስ» ብላ አስያዘችኝ። ለልጄ መምጣቴን ባስታውቃት የመለሰችልኝ ቃል አጭር ነበር፤ «አባባ፥ ቅዳሜ ማታ ሥራ አለብኝ፤ ልተወው አልችልም። እኔ በምሠራበት ቤት ገበታ አስይዤልዎታለሁ፤ ይምጡና ይብሉ።» ከፓሪስ እስከ ሊዮን ፈጣኑ ባቡር የሚፈጀው ሁለት ሰዓት ያህል ነው። በባቡሩ ውስጥ ሳለሁም ልቤ ይሂድ ወይስ ይመለስ እያለ ይሟገት ነበር።

ባገራችን በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር ሆኖ ይቆጠር እንደ ነበር አንባቢዎቼ ታውቃላችሁ። እቴጌ ጣይቱ በ1907 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ባዲስ አበባ ሆቴል ባቆሙ ጊዜ፥ መኳንንቱ ገብቶ መብላትን ስላፈሩ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ሄደው፥ በልተው፥ ዋጋውንም ከፍለው እንዳሳዩዋቸው ይነገራል። እቴጌዪቱም ያንን ቤት ማቋቋምን ከክብራቸው በታች አድርገው አልቆጠሩትም። ይህን ታሪክ እኔ ራሴ በብዙ ማኅበር ላይ እያወራሁ ሰውን አስቄበታለሁ። የልጄ ነገር በመጣ ጊዜ ግን ጨርሶ ትዝ አላለኝም።

ሊዮን የሮንና የሶን ወንዞች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ከምግብ ቤቱ ደጃፍ ደረስሁ። አንድ ሰው ካፖርቴን ተቀበለኝ፤ ሌላው ወንበሬን ሳበልኝ፤ ሦስተኛውም ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ አቀበለኝ። አዳራሹ ሰፊ አይደለም፤ ገበታዎቹም ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ ሰዎቹ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ። ባንድ ገበታ ብቻውን የተቀመጠ ከኔ በቀር ማንም አልነበረም። ብቻውን የሚበላ ሰው ባገራችን ምን እንደሚባል ስለማውቅ አፈርሁ፤ ዓይኔንም የማሳርፍበት ባጣ በፊቴ የተደረደሩትን ብርጭቆዎች ቈጠርሁ። አራት ነበሩ።

ያ ማታ የተሰናዳልኝ የፈረንሳይ ሰዎች «ሜኑ ደጉስታሲዮን» የሚሉት ነው፤ ባማርኛ የቅምሻ ገበታ ብንለው የሚስማማው ይመስለኛል። እንግዳው ይህን አምጡልኝ፥ ያንን ተዉልኝ አይልም፤ የወጥ ቤቱ አለቃ አስቦ ያዘጋጀውን ጥቂት በጥቂት፥ በየተራው ይቀምሳል። ለኔ የቀረበው ሰባት ዓይነት ነበር፤ ነገር ግን ቍጥሩ ከዚህ እጅግ የሚበዛበት ቤት አለ። በእስፓኝ አገር በካታሎኒያ ባሕር ዳር የነበረውና በ2011 ዓ.ም. የተዘጋው ኤል ቡሊ የሚባለው ምግብ ቤት ላንድ እንግዳ ከ30 የሚበልጥ ዓይነት ያቀርብ ነበር። ቀላሉ ከከባዱ፥ ዓሣው ከሥጋው ይቀድማል፤ ጣፋጩ መጨረሻ ይሆናል። ምላስ አስቀድሞ ኃይለኛውን ከቀመሰ ለስላሳው አይገባውምና ነው። በዝርዝሩ ላይ ቀንድ አውጣ ተጽፎ አይቼ ደንግጬ ነበር፤ አሳላፊው ግን ጐንበስ ብሎ «ጌታዬ፥ ይህ ለርስዎ ተለውጧል፤ የማይበሉትን ሁሉ አስቀድመው ነግረውናል» አለኝ። ማን እንደ ነገራቸው አልጠየቅሁትም።

ይህ በየተራው የማቅረብ ሥርዓት ከጥንት የፈረንሳይ አልነበረም። ቀድሞ በመኳንንቱ ቤት ወጡም፥ ጥብሱም፥ ሌላውም ባንድነት በገበታው ላይ ይደረደርና እያንዳንዱ እጁ የደረሰበትን ያነሣ ነበር፤ ትኩሱም ሳይበላ ይቀዘቅዝ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሩሲያ መልእክተኛ ሆኖ በፓሪስ የተቀመጠው ልዑል ኩራኪን ባገሩ ልማድ አንዱን ምግብ ካንዱ እያስከተለ በማቅረቡ፥ ልማዱ ከዚያ ወዲህ እየተስፋፋ ሄደ ይባላል። ስለዚህ መሶባችን የሚመስለው የቀድሞውን የፈረንሳይ ገበታ ነው። በኛ ግብር ቤት ግን ሌላ ተራ ነበረ፤ መኳንንቱ በልተው ሲነሡ ተከታዩ ይገባል፤ እርሱም ሲነሣ ሌላው ይገባል። በኛ ዘንድ ተራ የሚጠብቀው ሰው ነበር፤ በዚያ ግን ተራ የሚጠብቀው ምግቡ ነው።

ጥፋቴም የመጣው ከዚህ ነው። እኔ ያደግሁት ገበታ ጠርጎ መብላት ነውር በሆነበት ቤት ነው። አባቴ ሲበላ ከእንጀራውም ከወጡም መልካሙን ክፍል ትቶ ይነሣ ነበር፤ ያም ለኛ ለልጆቹ፥ ከኛም ቀጥሎ ለቤቱ አሽከሮች ነበር። እኔም በቤቴ ይህንኑ ሳደርግ ኖሬአለሁ። ከኔ በኋላ የሚበላ ሰው መኖሩን ሳላስብ እጄን ታጥቤ አላውቅም።

እንግዲህ አንዲት ጉርሻ የምታህል ነገር በሰፊ ሳህን መጣች፤ ግማሽዋን በልቼ ግማሽዋን ተውሁ። ቀጥሎ የዱባ ሾርባ መጣ፤ ከርሱም ተውሁ። በቀንድ አውጣው ፈንታም አርቲሾ ከሚባለው አትክልት ልብ ላይ የዝይ ጉበት ተቀምጦ መጣ፤ እውነቱን ለመናገር እጅግ ወደድሁት፤ ሆኖም ሢሶውን አስቀረሁ። አራተኛው ብሮሼ የሚባል የወንዝ ዓሣ ሥጋው ተወቅጦ፥ ከእንቍላልና ከቅቤ ጋራ ተለውሶ፥ እንደ እንዝርት ሞላላ ሆኖ በሙቅ ውሃ የበሰለ ነው። እንደ ደመና የቀለለ፥ ነገር ግን ጣዕሙ ከምላስ ቶሎ የማይለቅ ነበር። ከርሱ ግማሹን ያህል ተውሁ፤ መልካም ስለ ሆነ ብዙ ተውሁለት። አሳላፊው ሳህኑን ባነሣ ቍጥር ጥቂት ቆም ይልና «አላስደሰተዎትምን?» ይለኛል፤ እኔም በማውቃት ጥቂት ፈረንሳይኛ «እጅግ መልካም ነው» እለዋለሁ። ያመነኝ አይመስልም ነበር። አራተኛውን ሳህን ሲያነሣ ግን ምንም አልጠየቀኝም።

አምስተኛው ዶሮ ነው። ብሬስ በሚባለው አውራጃ የሚረባው ይህ ዶሮ ላባው ነጭ፥ ኩክኔው ቀይ፥ እግሩ ሰማያዊ ስለ ሆነ ፈረንሳዮች ባንዲራችን ነው እያሉ ይቀልዳሉ። እያንዳንዱ ዶሮ የሚሰማራበት ከ10 ካሬ ሜትር የማያንስ መስክ ሊኖረው በሕግ ታዟል። ከቆዳውና ከሥጋው መካከል ጥቍር ትሩፍ፥ ማለት ከመሬት ውስጥ ውሻ አሽትቶ የሚያወጣው እንጕዳይ፥ በስሱ ተቈርጦ ይገባበታል፤ ነጩ ቆዳ በጥቍሩ ላይ ስለሚታይ ስሙን የግማሽ ሐዘን ልብስ ብለውታል። እኛ ዶሮን በ12 ብልት እንደምናወጣው እነርሱም በዚህ ላይ ብዙ ይራቀቃሉ።

ይህን ዶሮ ያስከበሩት የሊዮን እናቶች የሚባሉ ሴቶች ወጥ ሠሪዎች ናቸው። ከነርሱ አንዲቱ ኢዩዤኒ ብራዚዬ በ1895 ዓ.ም. ከገበሬ ቤት ተወለደች፤ እናትዋ በልጅነትዋ ሞተችባት፤ በሰው እርሻም ታገለግል ነበር። ያለ ጋብቻ በፀነሰች ጊዜም አባትዋ ከቤት አስወጣት። ከዚያ ወደ ሊዮን ወርዳ በሰው ቤት ገረድ ሆነች፤ ወጥ መሥራትንም ተማረች፤ በ1921 ዓ.ም. የራስዋን ምግብ ቤት ከፈተች። የጎማ ሠሪዎቹ ሚሽሊኖች ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንገደኞች የሚያሳትሙት መጽሐፍ አለ፤ ለመልካም ምግብ ቤቶችም ኮከብ ይሰጣል። ሦስት ኮከብ የተሰጠው ቤት ስለ እርሱ ብቻ ተብሎ መንገድ ሊጀመርለት የሚገባ ነው ማለት ነው። ብራዚዬ በ1933 ዓ.ም. ለሁለቱ ቤቶችዋ ለያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ኮከብ ተቀበለች፤ ከርስዋ በፊት ስድስት ኮከብ ያገኘ ወንድም ሴትም አልነበረም። ይህን ታሪክ ባቡር ውስጥ ሳለሁ አንብቤው ነበር። ዶሮውን እየበላሁም ያ አባት ልጁ እንዲህ ስትከበር ሰምቶ ይሆን ወይ እያልሁ አሰብሁ፤ ወዲያውም ሐሳቡን ከራሴ አራቅሁት።

ከአይቡና ከጣፋጩ በኋላ ቡና መጣ። ስለ ቡናቸው ብዙ አልናገርም፤ አቦል ብቻ ነው፤ ቶናና በረካ የለውም።

እንግዶቹ እየተነሡ ሄዱ፤ አዳራሹም ጸጥ አለ፤ በዚያን ጊዜ ልጄ ነጭ የሥራ ልብስዋን እንደ ለበሰች መጣች። ከስታለች፤ ዓይኖችዋም ቀልተዋል። ጕልበቴን ልትስም ጐንበስ ስትል አነሣኋት፤ ሳምኋትም። ከዚያ ቀና ብላ በፊቴ ቆመችና «አባባ፥ አልወደዱትምን?» አለችኝ።

እኔም «ማን አለሽ?» ብላት፥ እንዲህ ስትል ነገረችኝ፤ «እኛ ከውስጥ ሆነን እንግዳውን አናየውም፤ የምናየው የሚመለሰውን ሳህን ነው። የርስዎ ሳህን ሁሉ ሳያልቅ ተመለሰ። አራተኛውን፥ ዓሣውን፥ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ግማሹ ተመለሰ። አለቃችን ከተረፈው ቀምሶ ‹ጉድለት የለበትም፤ እንግዲያስ ይህ እንግዳ ምን ሆኖ ነው?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹አባቴ ነው› አልሁት። ሌላ ምን እለዋለሁ?»

በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ለመጻፍ ቃል ያንሰኛል። አራት ዓመት ደብዳቤዋን ሳልመልስ ቀርቼ፥ ያን ማታ ደግሞ ሳላውቀው አምስት ጊዜ፥ ስድስት ጊዜ፥ ክፉ መልስ ስልክላት አምሽቻለሁ። ምላሴም እየተያያዘ «ልጄ፥ ንቄው አይደለም፤ የተውሁት መልካም ስለ ሆነ ነው። እኛ ገበታ አንጠርግም፤ ከኋላ ላለ ሰው እናስተርፋለን» አልኋት።

ዝም ብላ ተመለከተችኝ። ትንሽ ሳለች እኔ ራት እስክጨርስ ድረስ እጅዋን ታጥባ ከበሩ አጠገብ ትቆም ነበር። ስጨርስ መሶቡን ወደ እርስዋ አስጠጋላታለሁ፤ ከዶሮውም እንቍላሉን ምንጊዜም ለርስዋ እተው ነበር። ይህን ሁለታችንም ባንድነት እንዳሰብነው ከፊትዋ ዐወቅሁ።

«ለኔ ነው የተዉልኝ?» አለች፤ ሳቀችም፤ እንባዋም ወረደ። «አባባ፥ በዚህ አገር የተረፈ ይጣላል። አለቃው ከቀመሳት በቀር ዓሣዬን ማንም አልበላትም።»

የጣፋጩ ሳህን ገና በፊቴ ነበር፤ በቀይ ስኳር ከተለበጠ ለውዝ የተሠራው ቂጣ ሢሶው ቀርቶበታል። በዚያ ቤት የሚሠራ ሰው በእንግዳ ወንበር እንዳይቀመጥ ሥርዓት እንደ ሆነ ኋላ ሰማሁ፤ እርስዋ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ጉርሻ በእጄ አጐረስኋት፤ የቀረውን ራስዋ በጣቶችዋ በላችው። የቀኝ እጅዋን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከአውራ ጣትዋ እስከ ክንድዋ የእሳት ጠባሳ አለበት፤ አንዱ የቆየ፥ አንዱ የሰሞኑ። ከልጅነቴ ጀምሮ ወጥ ለሚሠሩ ሴቶች ሲባል የሰማሁትን፥ እኔ ግን ከልቤ ያልኩት የማይመስለኝን ቃል «እጅሽ ይባረክ» አልኋት። እርስዋም ጐንበስ ብላ «አሜን» አለች።

ሒሳቡን ልክፈል ብል አስቀድሞ ከደመወዝዋ ተከፍሎ ኖሯል፤ ልከራከራትም አልፈለግሁም። የእናትዋን ከረጢት ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ፈትታ ኮረሪማውን አሸተተችው፤ ደግማም አሸተተችው። በዚህ መካከል አሳላፊው ሳህኑን ለማንሣት መጣ፤ ባዶ መሆኑን አይቶ መጀመሪያ እርስዋን፥ ቀጥሎም እኔን ተመለከተና ምንም ሳይናገር ይዞት ሄደ።